ንፋሳችንን በምን ውል እንስጥ? ለወሎ ደጋ መንደር የንጽጽር መመሪያ

አጎቴ የሚኖሩት ደላንታ ነው። ባለፈው ሰሞን ደወሉልኝና "ንፋስም ይሸጣል አሉ፤ እውነት ነው እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ። መለኪያ የያዙ ሰዎች መጥተው ገደሉ አፋፍ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ዋሉ። ስለ ንፋስ ተርባይን አንድ ሁለት ቃል ጣል አድርገው ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንደሩ ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ "መብራት ሊገባልን ነው" ይላል። ግማሹ "መሬታችን ሊወሰድ ነው" ይላል። ቅሬው (እድሩ) ላይ ሳይቀር ሰው ተኳርፏል።

እኔ ደሴ ውስጥ በኤሌክትሪክና በሶላር ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። በስልክ መልስ ልሰጣቸው ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ነገሩ "ተቀበሉ" ወይም "እምቢ በሉ" ተብሎ የሚያልቅ አይደለም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። መጀመሪያ የጻፍኩት ለሳቸው ነው። ግን ለመቄትም፣ ለዋድላም፣ ለለጋምቦም፣ ጉጉፍቱ አናት ላይ ብርዱ ለሚያንሰፈስፈው ሁሉ ይሆናል።

አንድ ነገር ልበል። ከዚህ በታች ብዙ የማነሳው ስለ ባሕር ደሴቶች ነው። ወሎ ባሕር የላትም፤ አውቃለሁ። ግን ደላንታን ያየ ሰው ይረዳኛል። በደቡብ የበሽሎ፣ በሰሜን የጂጣ ገደል ቆርጦታል። ማዶ ያለው መንደር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለመድረስ ግን ወርዶ መውጣት ነው፤ ቀኑ ያልቃል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከጋፋት መቅደላ ለማድረስ ግማሽ ዓመት ገደማ የፈጀባቸው በዚሁ ገደል ምክንያት ነው። ከአምባ ላይ የሚኖር ሰውና ከደሴት ላይ የሚኖር ሰው ችግራቸው አንድ ነው። ዋናው መስመር ይርቃቸዋል። ናፍጣ ይወደድባቸዋል። ንፋስ ግን አያጡም። የደሴት ሰዎች ይህን ጥያቄ ከኛ ቀድመው ጠይቀውታል፤ አንዳንዶቹ አምልጧቸዋል፣ አንዳንዶቹ ተጠቅመውበታል።

(ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት። የአዋጆቹ ብቻ በእኛ ነው።)

ከሁሉ በፊት፦ መብራቱን ለምን ትፈልጉታላችሁ?

ይህን ሳትመልሱ አማራጭ ማወዳደር ከንቱ ድካም ነው። መንደሩ 100 አባወራ ነው እንበል።

አምፖል፣ ስልክ መሙያና ሬዲዮ ብቻ ከሆነ ለአንድ ቤት 50 ዋት ይበቃል። ለመንደሩ ሁሉ 5 ኪሎ ዋት ማለት ነው። ይህ ትንሽ ነገር ነው።

ወፍጮ ከተጨመረ 10 ወይም 15 ኪሎ ዋት ለእሱ ብቻ ያስፈልጋል።

ምጣድ ከመጣ ጨዋታው ይቀየራል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይበላል። መቶ ቤት ባንድ ጠዋት ምጣድ ከሰካ 350 ኪሎ ዋት ነው። ግን እንጀራ በየቀኑ አይጋገርም። አሥር አሥር ቤት በተራ ቢጋግር 35 ኪሎ ዋት ይሆናል። አያችሁ? መሣሪያው አልተቀየረም። የተቀየረው የሴቶቹ ስምምነት ነው። ይህን ተራ ማውጣት የሚችል መንደር ከማይችለው መንደር በአሥር እጥፍ ያነሰ ማመንጫ ይበቃዋል። እኔ የትም ስሄድ መጀመሪያ የማነጋግረው እናቶችን ነው። ወንዶቹ ስለ ቴሌቪዥን ያወሩኛል። እናቶቹ ስለ ማገዶ ያወሩኛል። ጭሱን የሚውጡት እነሱ ናቸው።

ለማነጻጸር አንድ ተርባይን ምን ያህል እንደሚያመነጭ እዩ። አዳማ ላይ እንዳሉት 1.5 ሜጋ ዋት (1,500 ኪሎ ዋት) የሆነ ተርባይን ከሙሉ አቅሙ 30 በመቶ ያህል ቢሠራ በዓመት ወደ 3.9 ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ይሰጣል። አንድ ቤት በዓመት 500 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢጠቀም ወደ 7,900 ቤት ይሆናል። ስለዚህ ትልቅ ተርባይን የሚተከለው ለእናንተ መንደር ተብሎ አይደለም። ለአገር ነው። ይህን ከመጀመሪያው ማወቅ ክርክሩን ያቀለዋል።

ትልቁ ማመንጫ፦ ሌላ ሰው ይተክላል፣ እናንተ መሬት ትሰጣላችሁ

በአገራችን የተለመደው ይህ ነው። አዳማ አንድ በ2012 በ34 ተርባይን 51 ሜጋ ዋት ይዞ ተጀመረ። መቀሌ አጠገብ ያለው አሸጎዳ በ2013 በ84 ተርባይን 120 ሜጋ ዋት ሆኖ ተመረቀ። አዳማ ሁለት በ2015 በ102 ተርባይን 153 ሜጋ ዋት ጨመረ። ከናዝሬት ወጣ ሲባል ከመንገዱ ይታያሉ። ገበሬው ከሥራቸው ያርሳል፤ ከብቱ ከሥራቸው ይግጣል። "አካባቢው ሁሉ ይታጠራል" የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም። መሬት የሚበላው የተርባይኑ መሠረት፣ ክሬን የሚቆምበት ሜዳና መንገዱ ነው።

ለአገር ያለው ጥቅም ትልቅ ነው። በደጋችን ንፋሱ የሚበረታው በበጋ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ይተኛል። ግድቦቹ ደግሞ የሚሞሉት በክረምት ነው። አንዱ ሲደክም ሌላው ይነሳል። ይህን ማንም ቅን ሰው አይቃወምም።

የኔ ጭንቀት ሌላ ነው። ልጅ ሆኜ አክስቴ ዘንድ ክረምቱን አሳልፍ ነበር። ከጓሮዋ በላይ ከፍተኛ መስመር ያልፋል። ዝናብ ሲዘንብ ሽቦው እዝ ይላል። እኛ ከሥሩ በኩራዝ እናነባለን። አክስቴ "ይሄ የማን ነው?" ስንላት "የሚያልፍ ነው" ትለን ነበር። እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ወደዚህ ሥራ የገባሁትም በሱ ይመስለኛል።

ስለዚህ ትልቁን ማመንጫ ከምንም በፊት በአንድ ጥያቄ እመዝነዋለሁ። ሽቦው ያልፋል ወይስ ይወርዳል?

ማለፍ ብቻ የግድ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ብሎክ አይላንድ የምትባል ደሴት አለች። ክረምት ከበጋ እዚያው የሚኖረው ሰው አንድ ሺህ ገደማ ነው። መብራቷ በናፍጣ ጄኔሬተር ነበር፤ ናፍጣው በጀልባ እየተጫነ ይመጣላታል። በ2016 መጨረሻ ከደሴቷ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው አምስት ተርባይኖች ባሕር ላይ ተተከሉ። 30 ሜጋ ዋት ናቸው፤ በአሜሪካ ለንግድ የተተከሉ የመጀመሪያዎቹ የባሕር ላይ ተርባይኖች። ከደሴቷ ፍላጎት እጅግ ይበልጣሉ። የተተከሉትም በኩባንያ ነው። ግን የባሕር ውስጥ ገመዱ በደሴቷ በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። ጄኔሬተሮቹ ጠፉ። በዚያው ገመድ የኢንተርኔት ፋይበር አብሮ ገባ። ችግር አልነበረም ማለቴ አይደለም። ገመዱ ከባሕር ዳርቻው ላይ በበቂ ጥልቀት ሳይቀበር ቀርቶ ተገለጠ፤ ከዓመታት በኋላ እንደገና መቅበር ግድ ሆነ። ግን ሽቦው ወርዶላቸዋል።

የተገላቢጦሹም አለ። በዚያው አገር ናንተኬት በሚባል ደሴት አጠገብ 130 ተርባይን ለመትከል በ2001 ታቀደ። ክርክሩ 16 ዓመት ፈጀ። በ2017 አንድም ተርባይን ሳይቆም ተተወ። ተቃዋሚዎቹ ሁሉ ንጹሕ ነበሩ አልልም፤ የባሕር ዳር ቪላቸው እይታ ያሳሰባቸው ሀብታሞችም ነበሩበት። ብቻ አምስቱ ቆሙ፣ መቶ ሠላሳው ቀረ። ትንሽ ጀምሮ ለአካባቢው ሰው የሚታይ ነገር መስጠት ምን ያህል እንደሚያራምድ ያሳያል።

ይህን መንገድ ከመረጣችሁ ካሳው ላይ አትቸኩሉ። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ አርሶ አደር ካሳው ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ እንዲሰላ ይላል። ሕግ ይሻሻላል፤ ስለዚህ በምትፈርሙበት ቀን የሚሠራውን አስነብባችሁ ስሙ። ገቢያችሁን ደግሞ ካሁኑ መዝግቡ። ምስሩን፣ ገብሱን፣ የሸጣችሁትን በግ፣ የባሕር ዛፉን ጭምር። መረጃ የሌለው ሰው በግምት ነው የሚከፈለው።

ከሁሉ የሚረሳው የወል ግጦሽ ነው። የእርሻ ማሳ ባለቤት አለው፤ ይጮኻል። የግጦሹ ሜዳ የሁሉም ስለሆነ የማንም አይመስልም። ተርባይን ደግሞ የሚወደው ያንኑ ገላጣ ሜዳ ነው። ከዚያ የሚጎዳው በሁለት በግ የምትተዳደር ባልቴት ናት። የወሉ ካሳ እንዴት እንደሚከፋፈል ገንዘቡ ሳይመጣ ተስማሙ። ከመጣ በኋላ አስታራቂዎቹ አበጋሮችም አይችሉትም።

ድርሻ መግዛት፦ ቅሬ እንደምንገባው

ይህን ክፍል ስጽፍ ደስ ብሎኝ ነው። ወሎዬ የሚገባው ነገር ስለሆነ።

ሳምሶ የዴንማርክ ደሴት ናት። ያኔ የሚኖርባት ሰው አራት ሺህ ገደማ ነበር፤ ገበሬው ብዙ ነው። በ1997 መንግሥት "ራሱን በታዳሽ ኃይል የሚችል ደሴት የትኛው ነው?" ብሎ ውድድር አወጣ፤ ሳምሶ አሸነፈች። ግን ማሸነፍ ተርባይን አይተክልም። ሶረን ሄርማንሰን የሚባል የአገሬው የገበሬ ልጅ፣ መምህር የነበረ፣ ዓመታት ሙሉ ከስብሰባ ስብሰባ እየዞረ ጎረቤቶቹን አወያየ። በ2000 እያንዳንዳቸው አንድ ሜጋ ዋት የሆኑ 11 ተርባይኖች ምድሩ ላይ ቆሙ። ዘጠኙ የገበሬዎች ናቸው። ሁለቱ በአክሲዮን ብዙ ሰው የተካፈላቸው። ቀጥሎ ባሕሩ ላይ አሥር ተጨመሩ፤ እያንዳንዳቸው 2.3 ሜጋ ዋት። ከአሥሩ አምስቱን የያዘው የደሴቷ ማዘጋጃ ቤት ነው።

ኮፐንሀገን ፊት ለፊት ባሕር ላይ የቆሙት የሚድልግሩንደን 20 ተርባይኖችም ሌላ ምሳሌ ናቸው። በ2000 ሲተከሉ ግማሹን የያዘው ከ8,500 በላይ አባላት ያሉት የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። አንድ አክሲዮን የተተመነው በዓመት 1,000 ኪሎ ዋት ሰዓት እንደሚሰጥ ታስቦ ነው። ማንም ደሞዝተኛ ሊገባው በሚችል ልክ ማለት ነው።

ይህ ደግሞ በበጎ ፈቃድ ብቻ አልቀረም። ዴንማርክ በ2008 ሕግ አወጣች። እስከ 2020 ድረስ ተርባይን የሚተክል ሁሉ ቢያንስ 20 በመቶ ድርሻውን ለአካባቢው ነዋሪ ያለ ትርፍ፣ በወጣበት ዋጋ እንዲያቀርብ አስገደደች፤ በ4.5 ኪሎ ሜትር ውስጥ ላለው ቅድሚያ ሰጥታ። ቤቱ ዋጋ ለሚቀንስበትም ካሳ አስቀመጠች።

እኛ ዘንድስ? ቅሬ የማያውቅ ወሎዬ የለም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ባንድ ቅሬ ይቀብራል። መዋጮ እንሰበስባለን፣ እንመዘግባለን፣ የቀረውን እንቀጣለን፣ የደኸየውን እንሸከማለን። የአክሲዮን ማኅበር ከዚህ የተለየ ጥበብ አይጠይቅም። ሕጋዊ መልክ ለመስጠት የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 አለ። እርግጥ ነው፣ ገበሬ ማኅበር ለዋናው መስመር ኃይል እየሸጠ የሚኖርበት መንገድ በአገራችን ገና አልተለመደም። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ እንደ ሳምሶ እንሆናለን ብዬ አልሸነግላችሁም። ግን ጥያቄውን ማንሳት ይቻላል። "ካሳውን በሙሉ በጥሬ ገንዘብ ከምትሰጡን፣ ከፊሉ በየዓመቱ ለመንደሩ የሚገባ ክፍያ ይሁን" ብሎ መደራደር ይቻላል። ጥሬ ገንዘብ ደሴ ወርዶ ባጃጅ ይሆናል፤ ከዚያም ያረጃል። የዓመት ክፍያ ለልጅም ይተርፋል።

አደጋውንም ልንገራችሁ። ድርሻ ማለት ኪሳራም አብሮ ነው። ተርባይን ቢሰበር የሚሰበረው የናንተም ነው። ስለዚህ በግ ሸጦ፣ ተበድሮ አክሲዮን መግዛትን አልመክርም። ከካሳው ላይ የተቀነሰ ድርሻ ግን ሌላ ነገር ነው።

የራስ ማመንጫ፦ ትንሽ፣ ግን በእጅ ያለች

ስኮትላንድ ውስጥ ኤግ የምትባል ደሴት አለች። መቶ ገደማ ሰው ነው ያለባት። ከአገሪቱ ዋና መስመር ጋር አልተገናኘችም፤ አብዛኛው በየቤቱ ጄኔሬተር ያስነሳ ነበር። ነዋሪዎቹ በ1997 ደሴቷን ራሷን ገዟት። በ2008 የራሳቸውን መስመር ዘረጉ። ውሃ፣ ንፋስና ፀሐይ አቀላቅለው፣ ከባትሪ ጋር። ብልሃታቸው ያለው ግን ከመሣሪያው ይልቅ በደንባቸው ነው። አንድ ቤት ባንድ ጊዜ ከ5 ኪሎ ዋት በላይ መሳብ አይችልም። ካለፈ ይቋረጥበታል፤ ለማስቀጠል ቅጣት ይከፍላል። ባለጠጋም ሆነ ድሃ፣ ልኩ አንድ ነው። 5 ኪሎ ዋት ማለት አንድ ምጣድና መብራት መሆኑን ልብ በሉ። ለኛም ቢሆን ያ ጠገብ ያለ ኑሮ ነው።

ለምን ሦስቱን ቀላቀሉ? የነሱ ክረምት ፀሐይ የለውም፤ ንፋስና ዝናብ ግን ሞልቷል። በጋቸው ፀሐያማ ነው፣ ንፋሱ ይደክማል። የኛ ሌላ ነው። ከመስከረም ማግስት ጀምሮ ፀሐዩም ንፋሱም አብረው ይመጣሉ። በሐምሌና በነሐሴ ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ። ያኔ የሚሮጠው ጅረቱ ነው። ስለዚህ ለወሎ ደጋ ሶላርና ንፋስ ብቻ ማጣመር የጎደለ ነገር አለው፤ ሁለቱም ባንድ ወር ይተኛሉ። ሶላርና ውሃ ግን ይተካካሉ።

ጅረታችሁን ለኩት። ከባድ አይደለም። በሰከንድ 50 ሊትር የሚፈስ ውሃ 30 ሜትር ቢወርድ፣ ብክነቱ ተቀንሶ 9 ኪሎ ዋት ገደማ ይሰጣል። ሌት ተቀን የሚሠራ ስለሆነ በቀን ከ200 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበልጣል። በሰከንድ 10 ሊትር ብቻ ከሆነ ግን ሁለት ኪሎ ዋት አይሞላም፤ ተዉት። የወሎ ገደል ከፍታውን በነጻ ሰጥቶናል። ጥያቄው ውሃው ስንት ወር ይቆያል ነው።

ትንንሽ የንፋስ ተርባይኖችን በተመለከተ አስተያየቴ ግልጽ ነው፤ ለመንደር አልመክራቸውም። የሚሽከረከር ነገር ይሰበራል። ቅባት፣ መቀየሪያ ዕቃ፣ ምሰሶ ላይ የሚወጣ ሰው ይፈልጋል። የንፋስ ኃይል በፍጥነቱ ኩብ ነው የሚያድገው። በሰከንድ 6 ሜትር የነበረው ንፋስ 8 ሜትር ቢሆን ኃይሉ ከእጥፍ በላይ፣ 2.4 ጊዜ ያህል ይሆናል። ይህ ፍጥነት የሚገኘው ከፍ ባለ ምሰሶ ላይ ነው። አጭር ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ትንሽ ተርባይን ዛፍና ጣሪያ የሰባበረውን ንፋስ ነው የሚያገኘው። በዚያ ብር ሶላር ብትጨምሩ ይሻላል።

ጊጋ የምትባለው ሌላዋ የስኮትላንድ ደሴት ግን መሃከለኛውን መንገድ አሳይታለች። ነዋሪዎቿ ሌላ ቦታ ያገለገሉ ሦስት ተርባይኖች ገዝተው ተከሉ፤ እያንዳንዳቸው 225 ኪሎ ዋት። ኃይሉን ለዋናው መስመር ሸጠው በገቢው ያረጁ ቤቶቻቸውን አደሱ። ስማቸውን በራሳቸው ቋንቋ እምነት፣ ተስፋና ፍቅር አሏቸው። አጎቴ ይህን ስነግራቸው "ማሻ አላህ፣ የኛ ሰዎች ናቸው" አሉ።

የራስ ማመንጫ ትልቁ ጠላት ከአምስት ዓመት በኋላ የሚመጣው ቀን ነው። በአንድ ወረዳ ለትምህርት ቤትና ለጤና ኬላ የተሰጠ ሶላር አውቃለሁ። ሲመረቅ ከበሮ ተመትቷል። ሁለት ክረምት አለፈ፤ ባትሪው ሞተ። የሰጠው አካል ሄዷል። ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ እንኳ የሚያውቅ ጠፋ። እኔ ስደርስ ፓነሎቹ ላይ ዶሮ ሰፍሮባቸው ነበር። እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጣ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ወር ጀምራችሁ ለባትሪ መቀየሪያ አዋጡ። ተራው የእርሳስ አሲድ ባትሪ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ነው ዕድሜው። ሊቲየሙ ይወደዳል፤ ግን አሥር ዓመት ገደማ ይቆያል። ከመንደሩ ሁለት ልጆች፣ አንዷ ሴት ትሁን፣ ሥራውን ይማሩ። ወንዱ ብቻ ከተማረ ነገ ከተማ ይሄድባችኋል።

በየቤቱ ሶላር ስለሚባለው ብዙ አልልም። ለአምፖልና ለስልክ ጥሩ ነው፤ ተበታትኖ ለሰፈረ ሰው ከሁሉ ይሻላል። ምጣድ አይችልም። ወፍጮ አይችልም። ትልቁን እየጠበቃችሁ በጨለማ ከምትቀመጡ ግን ዛሬውኑ ግዙ።

የት ይቆም?

ሰው ሁሉ ተርባይን ገደል አፋፍ ላይ ይሻላል ይላል፤ እዚያ ንፋሱ ስለሚያንገላታው። ስህተት ነው። ገደል ላይ የሚወጣ ንፋስ አፋፉን ሲያልፍ ይታመሳል። የታመሰ ንፋስ ክንፉን ይሰባብራል። ጥንብ አንሳና ንስር የሚያንዣብቡትም በዚያው በሚወጣው ንፋስ ላይ ነው። ትላልቅ ወፎች ቀስ ብለው ነው የሚወልዱ፤ ጥቂት ከሞቱ መተካት ያቅታቸዋል። ከአፋፉ ወደ ውስጥ ገባ ማለት ለማሽኑም ለወፉም ይበጃል።

ከቤት ይራቅ። ዴንማርክ የተርባይኑን ጠቅላላ ቁመት አራት እጥፍ ርቀት ትጠይቃለች። ቁመቱ 150 ሜትር ከሆነ 600 ሜትር። ይህን ልክ ብትጠይቁ ማንም ከመጠን አለፋችሁ አይላችሁም። ጠዋትና ማታ የሚሽከረከረው ጥላ በመስኮት ሲገባ ሰውን ያሳብዳል፤ በየትኛው ወር ጥላው የት እንደሚደርስ በካርታ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መቃብርና ወዳጃ (የጸሎት ስብሰባ) የሚቀመጥበት የዛፍ ጥላ በዚያው ካርታ ላይ ይግቡ። ባዕድ ሰው የዛፍ ጥላ የቅዱስ ቦታ መሆኑን ከየት ያውቃል?

የደሴት ሰዎች ተርባይኑን ወደ ባሕር ገፋ ማድረግ ይችላሉ። ርቆ ሲሄድ ድምጹና እይታው ይቀንሳል፤ ገመዱ ግን ይወደዳል። ውሃው ሲጠልቅ ደግሞ መሠረቱ ይከብዳል። ስኮትላንድ ውስጥ በ2017 የቆሙት አምስቱ የሃይዊንድ ተርባይኖች ባሕሩ 100 ሜትር ገደማ ስለሚጠልቅ በሰንሰለት ታስረው ነው የሚንሳፈፉት። ይህን ያነሳሁት አንድ ወዳጄ "ታዲያ ሐይቅ ላይ ለምን አይተከልም?" ስላለኝ ነው። የሐይቅ ውሃ እስከ 88 ሜትር ይጠልቃል። ሰሃን ውስጥ እንዳለ ውሃ በተራራ የተከበበ ነው፤ ንፋሱ ከላይ ያልፈዋል። ዓሣ አጥማጁ ይኖርበታል። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያቀኑት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለበት፤ ድሮ ራሱ ደሴት ነበር። ሐይቅን ተዉት።

ሁለት ነገር ደጋው ላይ ይከብዳል። አንደኛው አየሩ ነው። በ3,000 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል በሩብ ወይም ከዚያ በላይ ይሳሳል። ያው ፍጥነት ያለው ንፋስ የሚገፋው በዚያ መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ "ይህ ተርባይን ባሕር ላይ ይህን ያህል ሰጠ" ብሎ ለኛ የሚያሰላ ሰው አትመኑ። ቢያንስ አንድ ዓመት ሙሉ በምሰሶ ተለክቶ ይምጣ። ሁለተኛው መንገድ ነው። የትልቅ ተርባይን ክንፍ ሳይታጠፍ ነው የሚጫነው። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ይደርሳል እንበል። ከዚያ ሐረጎ አለ። ሐረጎን በአውቶቡስ የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ መታጠፊያው ለተሳቢ እንኳ ይጨንቃል። መንገድ ይሠራል፣ ይሰፋል፤ ማሳ ይነካል። ተርባይኑ የሚቆምበትን ብቻ ሳይሆን መንገዱ የሚያልፍበትን ገበሬ ስብሰባ ላይ ጥሩ።

እኔ ብሆን

ከዋናው መስመር ቅርብ ለሆነ መንደር ትልቁን ማመንጫ እቀበላለሁ። ቅድመ ሁኔታዬ አንድ ነው። ተርባይኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ትራንስፎርመር መንደሩ ውስጥ ይተከል፤ ቆጣሪ በየቤቱ ይግባ። "በኋላ" የሚባል ቃል ውሉ ላይ አይኑር። ሲያረጅ ማን እንደሚያነሳውም ይጻፍ። የዓለም የመጀመሪያው የባሕር ላይ የንፋስ ማመንጫ፣ የዴንማርኩ ቪንደቢ፣ በ1991 ተተክሎ በ2017 ተነቅሏል። እነሱ ነቅለው ወሰዱት። እኛ ዘንድ ውል ከሌለ ብረቱ ቆሞ ይቀራል።

እንደ አጎቴ መንደር ገደል ለቆረጠው ግን መስመሩ እስኪመጣ አልጠብቅም። ሶላርና ጅረቱን አጣምሬ ለወፍጮና ለተራ ምጣድ እጀምራለሁ። መስመሩ ሲመጣ ያው ሽቦ ይገናኛል፤ ምሰሶውና ሽቦው በዋናው መስመር ልክ ከተሠሩ አይባክኑም።

ይህን ሁሉ በስልክ ሳነብላቸው አጎቴ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ "እስቲ ውሃውን በምን ልለካው?" አሉኝ። ውሃውን ሁሉ የሚቀበል ባልዲ፣ ሰከንድ የሚቆጥር ስልክና አንድ ልጅ ይበቃሉ አልኳቸው። 20 ሊትሩ በሁለት ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ 10 ሊትር ነው። በበጋ አንዴ፣ በበልግ አንዴ፣ በክረምት አንዴ። ጅረቱ ለባልዲ የሚበዛ ከሆነ በቦይ ከፋፍለው ይለኩት። ዓርብ ከጁምዓ መልስ ቅሬው ሊሰበሰብ ነው። የተኳረፉትን የሚጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ቡናውን የምታፈላው አክስቴ።